ቢራቢሮና አገሩ፤ የሎርድ ዋልተር ሮትሽልድ የሕይወት ታሪክ

ከሚኤሶ ቆላ ተነሥቶ፥ ዛሬ ጭሮ በምትባለው በአሰበ ተፈሪ በኩል አልፎ ወደ ሂርና የሚወጣ መንገደኛ፥ አገሩ በየጥቂቱ ሲለወጥ ያያል። በቆላው እሾሃማው ግራር፥ በወይና ደጋው ማሽላው፥ ጫቱና ቡናው፥ ከዚያም በላይ በጨርጨር ኰረብታ ጥዱ ይከተላል። የጨርጨር ገበሬም ማሽላን በጅምላ ማሽላ ብሎ አይተወውም፤ የዛላውን አቀማመጥ፥ የፍሬውን ቀለምና መጠን አይቶ ይህ የቆላ ነው፥ ይህ የደጋ ነው እያለ በየስሙ ይለየዋል። አንድ ዓይነት ፍጡር በየአገሩ መልኩን እንደሚለዋውጥ ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልግም።

ቢራቢሮም እንዲሁ ነው። በአንድ ስም የሚጠራ ቢራቢሮ በምዕራብ አፍሪቃ ጫካ፥ በኢትዮጵያ ደጋና በማዳጋስካር ደሴት ሲገኝ፥ የክንፉ መስመር ይሰፋል ወይም ይጠባል፤ ነጠብጣቡ ይበዛል ወይም ይጠፋል፤ የኋላ ክንፉም ጅራት ይኖረዋል ወይም አይኖረውም። ይህን ልዩነት ከአገሩ ጋር እያስተያዩ በሥርዐት መርምረው፥ ለየአገሩ መልክ የንዑስ ዝርያ ስም የሰጡ ሊቃውንት ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ሀብታቸውንም ዕድሜያቸውንም ለዚህ ሥራ የሰጡት እንግሊዛዊው ሎርድ ዋልተር ሮትሽልድ ናቸው። የኢትዮጵያን ቢራቢሮዎች መዝገብ የሚገልጥ ተማሪ ከአንዳንዶቹ ስሞች ጎን የእርሳቸውን ስም ተጽፎ ያገኘዋል። ስለዚህ ታሪካቸውን ባጭሩ እናቀርባለን። ዘመኖቹ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የባንክ ቤት ልጅ

ላየነል ዋልተር ሮትሽልድ በየካቲት 8 ቀን 1868 ዓ. ም. በሎንዶን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በዓለም ከታወቁት ባለ ባንኮች አንዱ ነበሩ፤ በ1885 ዓ. ም. የሎርድነት ማዕርግ ተሰጣቸው። ልጁ ግን ጤናቸው ደካማ፥ ጠባያቸው ዐይነ አፋር፥ አነጋገራቸውም የሚያስቸግር ስለ ነበር፥ በልጅነታቸው ትምህርታቸውን የተከታተሉት ትሪንግ በሚባለው የቤተ ሰባቸው ርስት፥ በቤት ውስጥ ነው። ከጓደኛ ይልቅ ጥንዚዛና ቢራቢሮ ያስደስታቸው ነበር። ገና በ7 ዓመታቸው ቤተ መዘክር ሊያቋቁሙ ማሰባቸውን ለወላጆቻቸው አስታወቁ። ይህ የሕፃን ጨዋታ መስሎ የታያቸው ሁሉ ኋላ ተሳስተው ተገኙ፤ ስብስቡ በግቢው ከነበረች አንዲት ጎጆ ተጀምሮ ብዙ ቤቶችን ሞላ።

በጀርመን አገር በቦን፥ ቀጥሎም በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ወደ ኬምብሪጅ ሲሄዱ ኪዊ የሚባሉትን መብረር የማይችሉ የኒው ዚላንድ ወፎች ይዘው ሄዱ። በ1889 ዓ. ም. ግን እንደ ቤተ ሰቡ ልማድ ወደ ባንኩ ገቡ። ልባቸው በሒሳብ መዝገብ ላይ አልነበረም፤ ቢሆንም የአባት ትእዛዝ ስለ ነበር 19 ዓመት ያህል ቀን ቀን በባንክ፥ ማታ ማታ በናሙናዎቻቸው መካከል ኖሩ። ባንኩን የተዉት በ1908 ዓ. ም. ነው። ከ1899 እስከ 1910 ዓ. ም. ድረስ የፓርላማ አባል ነበሩ። አባታቸው በ1915 ዓ. ም. ሲሞቱ ሎርድነቱን ወረሱ። በኅዳር 2 ቀን 1917 ዓ. ም. የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ፍልስጥኤምና ስለ አይሁድ ያወጣው የታወቀው የባልፉር ደብዳቤ የተላከውም ለእርሳቸው ነው።

21 ዓመት ሲሞላቸው አባታቸው በትሪንግ መሬትና ለቤተ መዘክር መሥሪያ የሚሆን ገንዘብ ሰጧቸው። ቤተ መዘክሩም በ1892 ዓ. ም. ለሕዝብ ተከፈተ። ሮትሽልድ ቁመታቸው ረዥም፥ ሰውነታቸው ግዙፍ ሲሆን፥ የሜዳ አህዮችን በሠረገላ ጠምደው በሎንዶን መንገድ ነድተዋል። የጊዜው ጋዜጦች ስለዚህ ነገር ብዙ ጻፉ፤ የዕውቀት ሥራቸው ግን ጸጥ ባለው በትሪንግ ክፍል ውስጥ ይካሄድ ነበር።

ሁለት ረዳቶች፥ ብዙ ሰብሳቢዎች

ሮትሽልድ ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ስብስባቸው የሀብታም ሰው መዝናኛ ሆኖ በቀረ ነበር። ዕድላቸው ግን ሁለት የጀርመን ሊቃውንትን አገኘላቸው። ለወፎቹ ኤርንስት ሐርተርት በ1892፥ ለነፍሳቱ ካርል ዮርዳን በ1893 ዓ. ም. ተቀጠሩ። በ1894 ዓ. ም. ኖቪታቴስ ዞኦሎጊኬ የሚባለውን የራሳቸውን የምርምር መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። ሰብሳቢዎች ወደ ልዩ ልዩ ክፍለ ዓለማት እየሄዱ ናሙና ይልኩላቸው ነበር። ከእነዚህ አንዱ አልበርት ሚክ በ1906 ዓ. ም. በኒው ጊኒ ጫካ ከፍ ብላ የምትበርን ቢራቢሮ በጠመንጃ መትቶ ጣላት። ሮትሽልድም በማግሥቱ ዓመት በንግሥት አሌክሳንድራ ስም ሰየሟት። ይህች በዓለም ካሉት ቢራቢሮዎች ሁሉ ትልቋ ናት።

ታናሽ ወንድማቸው ቻርልስም የዚሁ ሥራ ፍቅር ነበራቸው፤ እርሳቸው የመረጡት ግን ቁንጫን ነው። በጎረቤታችን በሱዳን፥ በሸንዲ አጠገብ ያገኙትን የአይጥ ቁንጫ በ1903 ዓ. ም. ስም ሰጡት። ይህ ቁንጫ የጥቍር ሞት በሽታን ወደ ሰው ከሚያስተላልፉት ዋናው መሆኑ ታወቀ። ትንሽን ፍጡር በስሟ ለይቶ ማወቅ ለሰው ሕይወት ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታያል።

ንዑስ ዝርያ እንዴት ይለያል?

ከሮትሽልድ በፊት የነበሩ ብዙ ሰብሳቢዎች ከእያንዳንዱ ዝርያ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ካገኙ ይበቃናል ይሉ ነበር። የቀረውን ይለውጡታል ወይም ይሸጡታል። የመጣበትንም አገር ብዙዎቹ በግምት ይጽፉት ነበር፤ አፍሪቃ ብሎ ዝም ማለት የተለመደ ነው። በትሪንግ ግን ሥራው በሌላ መንገድ ሄደ። ከአንድ ዝርያ ሃያ፥ ሠላሳ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የበለጠ ናሙና፥ ከየአገሩ፥ ከየወሩ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ናሙና በሚቆምበት መርፌ ላይ ቦታውንና ቀኑን የምትናገር ትንሽ ወረቀት ትሰካለች።

ከዚያ በኋላ ናሙናዎቹ በየአገራቸው በረድፍ ይደረደራሉ። መርማሪው የክንፉን ቀበቶ ስፋት፥ የነጠብጣቡን ቍጥርና መጠን፥ የሥሩን ቀለም፥ የጅራቱን ርዝመት ያስተያያል። ከአንድ አገር የመጡት ሁሉ ወይም አብዛኞቹ ከሌላው አገር በማይለወጥ ምልክት ከተለዩ፥ ግን አገሮቹ በሚገናኙበት ስፍራ መልካቸው እየተቀላቀለ ከሄደ፥ ሁለቱ የአንድ ዝርያ ሁለት ንዑስ ዝርያዎች ናቸው ይባላል። ዮርዳን ደግሞ በክንፍ ብቻ ሳይወሰኑ የመራቢያ አካላትን በመሣሪያ እያዩ፥ በክንፍ የሚመሳሰሉት በእውነት አንድ መሆናቸውን ያረጋግጡ ነበር። እንግዲህ ዝርያው ሁለት የላቲን ስም ሲኖረው፥ ንዑስ ዝርያው ሦስተኛ ስም ይጨመርለታል።

ይህ ሦስተኛ ስም ብዙ ክርክር አስነሣ። በዘመኑ የነበሩ አያሌ የእንግሊዝ ሊቃውንት፥ በተለይም የወፍ መርማሪዎች፥ ነገሩን ጥቃቅን ልዩነት እየፈለጉ ስም ማብዛት ነው ብለው ተቃወሙት። ክርክሩ የስም ብቻ አልነበረም። ዝርያ ማለት ከፍጥረት ጀምሮ አንድ መልክ የያዘ፥ በአንድ ናሙና የሚወከል ነገር ነውን? ወይስ በየአገሩ እየተለያየ የሚኖር ሕዝብ ነው? የትሪንግ ሰዎች ሁለተኛውን ያዙ። አንድ ናሙና ብቻውን ምንም አይመሰክርም፤ ምስክሩ ከየአገሩ የመጣው ረድፍ ነው አሉ። በመጨረሻም የሦስቱ ስም ሥርዐት በዓለም ሁሉ ጸና።

የኢትዮጵያ ቢራቢሮዎች በትሪንግ

የእኛ አገር ቢራቢሮዎች በዚህ ሥራ ውስጥ የገቡት በጀርመናዊው በኦስካር ኖይማን ጕዞ ነው። ኖይማንና ባሮን ካርሎ ፎን ኤርላንገር በ1900 ዓ. ም. ከዘይላ ተነሥተው ወደ ሐረር ወጡ፤ ወደ አዲስ አበባም ደረሱ። ከዚያ ኖይማን በደቡብ ኢትዮጵያና በከፋ በኩል አልፈው ወደ ሱዳን ወረዱ። የሰበሰቧቸውን ቢራቢሮዎችና የሌሊት ቢራቢሮዎች ሮትሽልድና ዮርዳን መርምረው በ1903 ዓ. ም. በመጽሔታቸው አወጡ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው ሮትሽልድ ከእነዚህ አንዱን፥ ጥቍር ሆኖ ነጭ ቀበቶ ያለውን ትልቅ ቢራቢሮ፥ በኖይማን ስም ፓፒሊዮ ኤኬሪዮይዴስ ኦስካሪ ብለው ሰይመውት ነበር። በ1905 ዓ. ም. ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ የሚገኘውን፥ በጥቍር ክንፉ ላይ ሰማያዊ ቀበቶ ያለውን ፓፒሊዮ ኤቲዮፕስን ከዮርዳን ጋር ሰየሙ።

ንዑስ ዝርያ ማለት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ግን ከሁሉ የሚሻለው ምሳሌ ፓፒሊዮ ዳርዳኑስ ነው። የዚህ ዝርያ ወንዱ ፈዛዛ ቢጫ ሆኖ ጥቍር ጠርዝ አለው፤ የኋላ ክንፉም ጅራት አለው። በአብዛኛው የአፍሪቃ ምድር ግን ሴቷ ወንዱን ፈጽሞ አትመስልም፤ ጅራትም የላትም። እንዲያውም ለወፍ የሚመሩ ሌሎች ቢራቢሮዎችን መልክ በየዓይነቱ ስለምትመስል፥ የቀድሞ ሊቃውንት ሴቶቹን እንደ ልዩ ልዩ ዝርያ ቈጥረዋቸው ነበር። ሁሉም የአንድ ወንድ ሚስቶች መሆናቸውን በ1869 ዓ. ም. ያስረዱት በደቡብ አፍሪቃ ይኖሩ የነበሩት ሮላንድ ትራይመን ናቸው።

በኢትዮጵያ ደጋ ነገሩ ይለያል። እዚህ አብዛኞቹ ሴቶች ልክ እንደ ወንዱ ቢጫና ባለ ጅራት ናቸው። ሌላውን የሚያስመስሉ ጥቂት ሴቶች ቢገኙም እነርሱም ጅራታቸውን አልጣሉም። ይህን የኢትዮጵያ መልክ በ1883 ዓ. ም. የሰየሙት ፈረንሣዊው ሻርል ኦበርቱር ናቸው። ስሙም አንቲኖሪ ይባላል፤ ይኸውም የኢጣልያን የጂኦግራፊ ማኅበር ጕዞ መርተው በ1876 ዓ. ም. ወደ ሸዋ የመጡትን፥ በ1882 ዓ. ም. በአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ የሞቱትን ኦራሲዮ አንቲኖሪን ለማስታወስ ነው።

ይህ ልዩነት የመጽሐፍ ጌጥ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት የሊቨርፑሉ ሐኪም ሲሪል ክላርክና ባልደረባቸው ፊሊፕ ሼፐርድ የኢትዮጵያውን ንዑስ ዝርያ ከሌላው አፍሪቃ ጋር እያዳቀሉ፥ የክንፍ መልክ ከእናትና ከአባት እንዴት እንደሚወረስ መረመሩ። ክላርክ ከቢራቢሮው ያገኙትን የውርስ ዕውቀት ወደ ሰው ደም ምርመራ አዛወሩት። በዚህም መንገድ የእናትና የፅንስ ደም አለመስማማት ሕፃናትን እንዳይገድል የሚከላከለውን መርፌ ካስገኙት ሰዎች አንዱ ሆኑ።

ሁሉም ልዩነት ንዑስ ዝርያ አይደለም

እዚህ ላይ ወጣቱ ተማሪ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። በአንድ ሜዳ ላይ አብረው የሚበሩ፥ ከአንዲት እናት ሊወለዱ የሚችሉ ሁለት መልኮች ንዑስ ዝርያ አይባሉም፤ መልክ ብቻ ናቸው። ለምሳሌ በኢትዮጵያ ከቢጫዎቹ ጋር የሚገኙት አስመሳይ የዳርዳኑስ ሴቶች የተለየ ንዑስ ዝርያ አይደሉም። ወቅትም ያሳስታል። በደቡብና በምሥራቅ አፍሪቃ የሚገኘው ፕሬሲስ ኦክታቪያ በዝናብ ወራት ቀይ፥ በበጋ ወራት ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። የቀኑ ወረቀት ባይኖር ማንም ሰው ሁለት ዝርያ ናቸው ብሎ በማለ ነበር።

ለሂርና ሰው የሚቀርበው ምሳሌ ዳናውስ ክሪሲፑስ ነው። ይህ ብርቱካንማ ቢራቢሮ እንቍላሉን የሚጥለው እንደ ጦቢያው ባሉ፥ ሲቈረጡ ነጭ ወተት በሚያፈሱ ተክሎች ላይ ነው። ትሉ ከተክሉ የሚያገኘው መርዝ ለወፍ እንዲመር ያደርገዋል። በብዙ አገር የፊት ክንፉ ጫፍ ጥቍር ሆኖ ነጭ ቀበቶ አለበት። በሶማሊያና በምሥራቅ አፍሪቃ ደረቅ ቆላ የሚበዛው፥ ዶሪፑስ የሚባለው መልክ ግን ይህ ጥቍርና ነጭ የለውም፤ ክንፉ እስከ ጫፉ ብርቱካንማ ነው። በምዕራቡ ደግሞ የኋላ ክንፉ ነጭ የሆነ ሌላ መልክ አለ። እነዚህ በምሥራቅ አፍሪቃ ይገናኛሉ፥ ይዳቀላሉም። ስለዚህ ሊቃውንቱ አንዳንዶቹ ንዑስ ዝርያዎች፥ ሌሎቹ መልኮች ብቻ ናቸው እያሉ ረዥም ጊዜ ተከራክረዋል። ከሚኤሶ ቆላ እስከ ጨርጨር ደጋ ድረስ በየከፍታው ስንቱ ምን መልክ እንዳለው የሚቈጥር ሰው፥ ለዚህ ክርክር ፍሬ ያለው ምስክር ሊያመጣ ይችላል።

ስም ከፍ ሊልም ይችላል። ቻርልስ ዳርዊን በ1862 ዓ. ም. አንድ የማዳጋስካር አበባ ማሩ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል በጠለቀ ጕሮሮ ውስጥ መሆኑን አይተው፥ ይህን የሚደርስበት ረዥም ምላስ ያለው የሌሊት ቢራቢሮ መኖር አለበት ብለው ተነበዩ። ሮትሽልድና ዮርዳን በ1903 ዓ. ም. የማዳጋስካሩን የሌሊት ቢራቢሮ ከአፍሪቃው ለይተው፥ የተተነበየው የሚል ትርጉም ያለው ፕሬዲክታ የተባለ የንዑስ ዝርያ ስም ሰጡት። በ2021 ዓ. ም. ሊቃውንት እንደ ገና መርምረው ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ብለው ወሰኑ።

ጕድለታቸውና ኀዘናቸው

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ ጕድለታቸውን መሸሸግ አይገባም። ሮትሽልድ በ1907 ዓ. ም. ስለ ጠፉ ወፎች ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ፥ በአሮጌ ሥዕልና በመንገደኞች ወሬ ላይ ብቻ ተመሥርተው አንዳንድ ወፎችን ሰይመዋል፤ ከእነዚህ መካከል ፈጽሞ ያልነበሩ ይገኙበታል። በቢራቢሮ ላይ ረድፍ ሙሉ ናሙና ካላየሁ የሚሉት ሰው፥ ያለ ናሙና ሲጽፉ ተሳሳቱ። ሰብሳቢዎቻቸውም ከሚያስፈልገው በላይ ፍጡራንን ገድለዋል የሚል ወቀሳ አለባቸው።

የገንዘብ አያያዛቸውም ደካማ ነበር። የማይወዱትን ደብዳቤ ሳይከፍቱ በትልልቅ ቅርጫት ውስጥ ያከማቹት ነበር። ሚስት አላገቡም፤ ነገር ግን ከቀድሞ ወዳጆቻቸው አንዲቱ ምስጢርሽን አወጣለሁ እንደሚባለው ዓይነት ዛቻ እያደረገች ለብዙ ዓመታት ገንዘብ ትወስድባቸው ነበር። በ1932 ዓ. ም. ከዚህ ጭንቀት የተነሣ 280,000 ያህል የወፍ ናሙናዎቻቸውን በ225,000 ዶላር ለኒው ዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ሸጡ። ዕድሜ ልክ የተሰበሰበው በሣጥን እየታሸገ ሲወጣ ማየት ለእርሳቸው የልጅ ሞት ያህል ነበር። የሽያጩ ምክንያት የታወቀው እርሳቸው ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ቢራቢሮዎቹ ግን አልተሸጡም። ሎርድ ሮትሽልድ በነሐሴ 27 ቀን 1937 ዓ. ም. በትሪንግ ሲሞቱ፥ ቤተ መዘክሩን ከ2 ሚሊዮን ሩብ ያህል የቀንና የሌሊት ቢራቢሮዎች ጋር ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዘክር ተናዘዙ። የተሸጡትም ወፎች ከንቱ አልቀሩም። በ1928 ዓ. ም. ለሮትሽልድ ሊሰበስብ ወደ ኒው ጊኒ ሄዶ የነበረው ወጣቱ ጀርመናዊ ኤርንስት ማየር፥ በኒው ዮርክ እነዚህኑ ወፎች መዝግቦ ለማደራጀት ተሾመ። በየሣጥኑ በየአገሩ የተደረደረውን ልዩነት እየተመለከተ፥ አንድ ዝርያ በምድር አቀማመጥ ተለያይቶ ሲኖር እንዴት ሁለት ዝርያ እንደሚሆን የሚያስረዳውን ታዋቂ መጽሐፉን በ1942 ዓ. ም. አሳተመ። ማየር ይህን ሊያስብ የቻለው እያንዳንዷ ናሙና ከየት እንደ መጣች የምትናገር ወረቀት ስላለቻት ነው።

ለእኛስ?

የጨርጨር ተራሮች ከሸዋ ደጋ በስምጥ ሸለቆ ተለይተው የቆሙ ናቸው። ደጋን የሚወድ ቢራቢሮ ሞቃቱን ሸለቆ በቀላሉ ስለማይሻገር፥ በሁለቱ ወገን የሚኖሩት ልዩነት አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለው ጥያቄ በትሪንግ ሥርዐት የሚመረመር ነው። ለኢትዮጵያ ቢራቢሮዎች ስም መሠረት የሆኑት የመጀመሪያ ናሙናዎች ብዙዎቹ ያሉት በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች ነው። ሆኖም ሕያዋኑ ያሉት እዚሁ ነው። በአራት ኪሎም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ቤተ መዘክር አለ።

በሂርና የሚያስተምር መምህር፥ በገጠር የሚዘዋወር የእርሻ ሠራተኛ ወይም በዕረፍት ወራት ወደ ቤቱ የተመለሰ ተማሪ እንደ ሮትሽልድ የባንክ ሀብት አያስፈልገውም። ፍጡሩን ሳይገድል ፎቶግራፍ ሊያነሣው ይችላል። የሚያስፈልገው በእያንዳንዱ ላይ የመንደሩን ስም፥ ከፍታውን፥ ቀኑን፥ ወሩንና ዓመቱን፥ ያየበትን ተክልና የራሱን ስም በዚያው ዕለት መጻፍ ነው። ነገ እጽፈዋለሁ የተባለ ቦታ ይረሳል፤ ቦታው የተረሳ ናሙና ደግሞ ያማረ ክንፍ ከመሆን አያልፍም። በመሥሪያ ቤት መዝገብ የሚይዝ ወጣት ሹምም ይህን በሥራው ያውቀዋል፤ ቀንና ስፍራ የሌለው ወረቀት ለማንም ምስክር ሊሆን አይችልም።